ከጥጥ መፍተያው መልስ

ትናንት ቅዳሜ ከማንቸስተር በስተደቡብ ስታያል በምትባል መንደር የሚገኘውን የኳሪ ባንክ ጥጥ መፍተያ ስጎበኝ ዋልሁ። ሳሙኤል ግሬግ በ1784 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ያቋቋመው ይህ ፋብሪካ ዛሬ ሙዚየም ነው። ለማሳያ ጥቂት ማሽኖችን ሲያስነሱ ወለሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ አስጎብኚው የሚናገረውን ከከንፈሩ እንቅስቃሴ በቀር መለየት አቃተኝ።

እናቴ ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። ቡና ሲፈላ እንዝርቷን ታስቀምጣለች፤ ጎረቤት ሲመጣ እየተጨዋወተች ትፈትላለች፤ በማርያምና በሚካኤል ዕለት ግን ጨርሶ አትነካውም። ሥራው ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም፤ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ልቃቂት እስኪጠራቀም ወገቧ ስንት ጊዜ እንደታመመ አውቃለሁ። ነገር ግን መቼ እንደምትጀምርና መቼ እንደምትተው የምትወስነው እሷ ነበረች። በየቤታቸው የሚሠሩት የእንግሊዝ ሸማኔዎችም እንዲሁ ነበሩ፤ «ቅዱስ ሰኞ» እያሉ ሰኞን ሥራ ፈትተው ይውሉና በሳምንቱ መጨረሻ ሌሊቱን ጭምር እየሠሩ ያካክሱት ነበር። ይህን ሳነብ እንደ ዘመድ ነው የቀረቡኝ።

ሪቻርድ አርክራይት በ1769 የባለቤትነት መብት ያገኘበት በውኃ ኃይል የሚሠራ መፍተያ ይህን ሁሉ ለወጠው። ወንዝ አይደክምም፤ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ማሽን ሥራ ፈትቶ በቆመ ቁጥር ደግሞ ባለቤቱ ይከስራል። ስለዚህ ሰው ከማሽኑ ጋር እኩል መነሣትና እኩል መቆም ነበረበት፤ ቀኑ በፀሐይና በበዓል መቆጠሩ ቀርቶ በደወል ተተካ። የተበጠሰ ክር ለመቀጠልና ከማሽኑ ሥር ብናኝ ለመጥረግ ትንንሽ ጣቶችና አጫጭር ቁመቶች ስለተፈለጉ፣ ግሬግ ከድሆች መጠለያ የመጡ ሕፃናትን የሚያኖርበት ቤት ሠራ። በዚያ ቤት ደጃፍ ላይ ረጅም ጊዜ ቆሜያለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ከአእምሮዬ የማይጠፋው ኤልሳቤጥ ቤንትሊ በ1832 ለፓርላማው አጣሪ ኮሚቴ የሰጠችው ምስክርነት ነው። በ6 ዓመቷ ሊድስ በምትባል የሰሜን እንግሊዝ ከተማ በአንድ የተልባ ቃጫ መፍተያ ሥራ ጀመረች፤ ሥራ ሲበዛ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ትቆም ነበር፤ ለምግብ የሚሰጣት እኩለ ቀን ላይ 40 ደቂቃ ብቻ ነው። የዘገየ ልጅ በጠፍር ይገረፋል። ምስክርነቷን ስትሰጥ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ሰውነቷ ግን ከ13 ዓመቷ ጀምሮ ጎብጦ ነበር። ልጆች በቤትም በእርሻም ድሮም ይሠሩ ነበር የሚለውን መከራከሪያ ሰምቻለሁ፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ልጁ ሲደክመው አይታ «በቃህ» የምትለው እናት በካቦ መተካቷን ይህ መከራከሪያ አያይም።

ባርነት እንዲወገድ ሲታገል የነበረው ሪቻርድ ኦስትለር በ1830 ለአንድ የሊድስ ጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ ሊድስ የምትገኝበት የዮርክሺር አውራጃ ሕፃናት ኑሮ ራሱ ባርነት መሆኑን ገለጸ። በ1833 ፓርላማው በአብዛኞቹ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን የሚያስቀር ሕግ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የፋብሪካ ሕግም ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከሐር በቀር በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይሠሩ ከለከለ፣ እስከ 13 ዓመት ላሉት የሥራ ሰዓቱን በሳምንት 48 ላይ ወሰነ። ከዚህ ቀደም የወጡ ሕጎች የሚያስፈጽማቸው አጥተው ነበር፤ አሁን ለመላው አገር 4 ተቆጣጣሪዎች ተሾሙ። አራት ሰው ምን ያህል ነው? ቢሆንም መንግሥት ራሱ የሾማቸው ተቆጣጣሪዎች የፋብሪካ በር ሲያንኳኩ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ወደ እነዚያው ፋብሪካዎች የሚገባውን ጥጥ በአሜሪካ ባሪያዎች ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት መልቀማቸውን ግን መርሳት አልችልም።

የሴቶችንና የወጣቶችን ሥራ በቀን በ10 ሰዓት የወሰነውን የ1847 ሕግ ለፓርላማ ያቀረበው ጆን ፊልደን ራሱ የፋብሪካ ባለቤት ነበር። በ10 ዓመቱ ገደማ በአባቱ መፍተያ ሥራ ስለጀመረ ድካሙን የሚያውቀው በገዛ ሰውነቱ ነው፤ ከተሟጋቾቹ ሁሉ ለእኔ የሚቀርበኝም እሱ ነው።

ማታ ለእናቴ ደውዬ ያየሁትን ነገርኋት። ስለ ማሽኑ ምንም አልጠየቀችኝም።

«በማርያም ዕለትም ያሠሯቸው ነበር?» አለችኝ።

እሑድ ያርፉ እንደነበር፣ ከዚያ ውጭ የ1833ቱ ሕግ ለልጆቹ ልደትንና ስቅለትን፣ በተጨማሪም በዓመት 8 ግማሽ ቀኖችን እንደፈቀደላቸው ነገርኋት።

«በዓመት ሁለት ቀን?» አለችና ዝም አለች። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እናቶቻቸውስ ልጄ፣ ምን ይሉ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።