ቁም ሳጥኔ ዛፍ መስሎት ይሆን?

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ደብሮኝ ነበር። ምክንያት የለውም። ቡና ተጠጥቶም የማይለቅ፣ ዝም ብሎ የሚመጣው ዓይነት ድብርት ነው። ትናንት ኅዳር ሲታጠን የሰፈሩ ሰው ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያጥን አመሸ፤ የጭሱ ሽታ መጋረጃው ላይ አድሯል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሰዉን የፈጀ ጊዜ የተጀመረ ነው ይባላል። በሽታውን ረሳነው፣ ጭሱን ግን ይዘነው ቀረን።

የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣ ሰው ቤት ያጸዳል። እኔ ደግሞ ቤት ማጽዳት ስለማልወድ ቅጠል ላጸዳ ተነሳሁ። ሞንስቴራ የሚሉት ባለ ትልልቅ ቅጠል የቤት ተክል በረንዳው በር አጠገብ ስለሆነ የትናንቱን ጭስ አብዛኛውን የጠጣው እሱ ነው። ጨርቅ አርጥቤ ከታችኛው ቅጠል ጀመርኩ። በአንድ እጅ ከሥሩ ደገፍ፣ በሌላው ከአንገቱ ወደ ጫፉ ጠረግ። ጨርቁ ወዲያው ጠቆረ። ከጠረግኩት ስንት ወር ሆኖኛል? አቧራ የለበሰ ቅጠል ብርሃን በደንብ አያገኝም። ይህን አውቃለሁ። ማወቅማ አውቃለሁ።

አራተኛውን ጠርጌ ቀና ስል ሥሩን አየሁት። ከግንዱ መሃል የሚወጣው፣ የአየር ሥር የሚሉት፣ ቡናማ ገመድ የሚመስለው ነው። ከማስቀመጫው አፍ ወርዶ፣ ወለሉን ይዞ፣ ቁም ሳጥኑ ኋላ ገብቷል። የስልኬን መብራት አብርቼ ጎንበስ አልኩ። ክንድ ያህል ሄዷል። ጫፉ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ቀለሙን ይዞታል። መስኮቱ በዚህ በኩል፣ እሱ በዚያ በኩል።

ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ተክሉ የኔ አይደለም። የታናሽ እህቴ የሚጢ አደራ ነው። ካናዳ ስትሄድ ታክሲ ውስጥ ታቅፋው መጥታ፣ «እትዬ፣ ስድስት ወር ብቻ» ብላኝ ነበር። ያኔ ሦስት ቅጠል ብቻ ነበረው፤ እነሱም ቀዳዳ የሌላቸው፣ ልብ የሚመስሉ። ገና ልጅ ሳለ ቅጠሉ ድፍን ነው። ሲጎለምስና ብርሃን ሲያገኝ ነው የሚሰነጠቀውና የሚበሳው። ብርሃን ካነሰው ትልቅ ሆኖም ድፍን ቅጠል ያወጣል። ስድስት ወሩ አራት ዓመት ሆነ። ቅጠሎቹ ዘጠኝ ደርሰዋል፤ ይህ እንግዲህ የገደልኳቸውን ሳይጨምር ነው።

የገደልኳቸው ደግሞ በፍቅር ነው። ካቻምና ጥቅምት ላይ «አየር ያግኝ» ብዬ በረንዳ አወጣሁት። ከክረምት እስከ ክረምት ቤት ውስጥ የኖረን ቅጠል፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ደመና በሌለበት ሰሞን፣ ለስድስት ሰዓት ፀሐይ ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን ነጣ። በአራተኛው ቡናማ ሆነ፤ ካውያ ተረስቶበት የከረመ ሸሚዝ በሉት። አትክልት የሚሸጠው ልጅ ፎቶውን ሳሳየው ራሱን ያዘ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ሀገሩ ትልልቅ ዛፍ ሥር ነው የሚኖረው። መጀመሪያ ጥላ ላይ አክርሚው፣ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ።» እውነቱን ነው። ሀገሩ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ያለው ሞቃትና እርጥብ ጫካ ነው፤ ብርሃን የሚደርሰው በሌሎች ቅጠሎች መሃል ተጣርቶ ነው። የተቃጠለ ቅጠል አይድንም። ቆርጬ ጣልኩ፣ ለሚጢም አልነገርኳትም።

በዚያው ኅዳር ሌሊት ውጪ ረሳሁት። የኛ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረድ ያውቅበታል። እኛ ጋቢ ደርበን እናድራለን፤ እሱ ምን ይደርብ? ሁለት ቅጠል በዚያ ሄደ።

ክረምቱ ይሻላል አሉኝ። ደመና ነው፣ እርጥበት ነው፣ እንደ ሀገሩ ነው። እውነትም ተስማማው። ዝናብ በደንብ ያግኝ ብዬ ከአራተኛ ፎቅ ግቢ ድረስ ተሸክሜ አወረድኩት። ነሐሴ ላይ በረዶው መጣ። የሽንብራ እሸት የሚያህል በረዶ፣ እሩብ ሰዓት ሙሉ። ስሮጥ ወርጄ ሳየው ቅጠሉ ላይ የትኛው የተፈጥሮ ቀዳዳ፣ የትኛው የበረዶ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ጥበቃው ጋሼ ጃንጥላ ይዘው ከጎኔ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይቺ ጎደሬ ናት?»

«አይ ጋሼ፣ የቤት አበባ ናት።»

«ጎደሬ ናት» አሉ። የወላይታ ሰው ናቸው። «መቼ ነው የምትቀቅያት?»

ሳቅሁባቸው። ማታ ላይ ሳነብ ዘመዳሞች ሆነው አገኘኋቸው፤ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ጎደሬ በደንብ ሳይበስል ሲቀር ጉሮሮ የሚያሳክከውም፣ የዚህ ቅጠል ቢታኘክ አፍ የሚያቃጥለውም በአንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ፣ በዓይን የማይታዩ ክሪስታሎች አሉ። የሞንስቴራ ፍሬ ግን ሲበስል ይበላል። ለመብሰል ዓመት ይፈጅበታል እንጂ ጣፋጭ ነው ይላሉ፤ ሙሉ ስሙ ላይ ያለው «ዴሊሲዮሳ» ይህንኑ ማለት ነው። የኔው ግን ቤት ውስጥ አብቦልኝ አያውቅም፣ የሚያብብም አይመስለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ባዩኝ ቁጥር «ጎደሬዋ ደኅና ናት?» ይሉኛል። ከዘመዶቼ ሁሉ አዘውትረው የሚጠይቁኝ እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከፀሐዩም ከበረዶውም የባሰው ግን ውሃ ነው። በኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ ያውም ከመጣ። ውሃ ሲመጣ ጀሪካን ይሞላል፣ ባልዲ ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ተክል ይጠጣል። ይጠማው አይጠማው ማን ጠየቀው? ተራው ደርሷል፣ ይጠጣል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንድ ቀን አፈሩ መሽተት ጀመረ። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሮ፣ ሲነኩት እንደ ተቀቀለ ፓስታ ይላላጣል። የበሰበሰውን ቆርጬ፣ ለመንገድ የሚያነጥፉትን ቀይ ድንጋይ አድቅቄ ከአፈሩ ጋር ቀላቅዬ መልሼ ተከልኩት። ደንቡ ቀላል ነው፦ ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ መክተት። ደረቅ ከሆነ ማጠጣት፣ እርጥብ ከሆነ መተው። የእማማ ልጅ ሁሉ የሚችለው ነገር ነው።

እኔ ግን የማጠጣው እሱ ሲጠማው አይደለም። እኔን ሲከፋኝ ነው። ይህን ያወቅሁት ቅርብ ጊዜ ነው። ሚጢ ደውላ ድምጿ ልክ ካልሆነ፣ ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ወደ ማጠጫው ነው የምሄደው። አንድ ጊዜ ማታ እንደዚያ አጠጥቼው አድሬ፣ ጠዋት ስነሳ ከእያንዳንዱ ቅጠል ጫፍ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ጥርት ያለ፣ ሊወድቅ ሊወድቅ የሚል። አለቀሰ ብዬ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። «እትዬ፣ ውሃ በዝቶበት ነው እኮ፣ እያስወጣው ነው» ብላ የሚያስቅ ፊት ላከችልኝ። እዚያ ካናዳ፣ ካልጋሪ ሆና ያወቀችውን እኔ ከጎኑ ተኝቼ አላወቅሁም።

እማዬ እያለች እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። የዘይት ቆርቆሮ ሥሩን በምስማር ትበሳለች፣ አፈርና ፍግ ትሞላለች፣ በረንዳ ላይ ትደረድራለች። የምስር እጣቢ ትደፋባቸዋለች። ቆማ ስታያቸው አስታውሳለሁ ማለት አልችልም። እነሱ ግን ቆርቆሮው እስኪቀደድ ያድጉ ነበር።

ወደ ሥሩ ልመለስ።

ሥር ከብርሃን መሸሹ አይገርምም፤ የሥር ወጉ ነው። የገረመኝ ዛሬ «ለምን ወደ ጨለማ ሄደ» ብዬ ሳነብ ያገኘሁት ስለ ዘመዱ ነው። በፈረንጆች 1975 የወጣ ጥናት ነው። ኮስታሪካ ጫካ ውስጥ የሌላ ሞንስቴራ ዓይነት ችግኝ ያጠናሉ። ዘሩ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ይበቅላል። ችግኝ ሁሉ ወደ ብርሃን ይሄዳል ብለን አይደል የተማርነው? ይሄ ወደ ጨለማ ይሄዳል። ከብርሃን ለመሸሽ ብቻም አይደለም፤ ዙሪያውን ካለው ሁሉ በጣም የጠቆረውን አቅጣጫ መርጦ በመሬት ለመሬት ይጎተታል። ምክንያቱም ጫካ ውስጥ የጠቆረው አቅጣጫ የትልቅ ዛፍ ግንድ ነው። ግንዱ በወፈረ ቁጥር ከሩቅ ይስበዋል። ደርሶ ሲነካው ጠባዩን ይቀይራል፤ ግንዱን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ብርሃን ይወጣል።

ይህን አንብቤ ጨርቁን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ።

ሚጢ የሌሊት ፈረቃ ነች። አረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው። በዚህ ሰሞን እዚያ ፀሐይ አስር ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ትጠልቃለች፤ ጠዋት ደግሞ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው ብቅ የምትለው። ስለዚህ በጨለማ ትገባለች፣ በጨለማ ትወጣለች። የመጀመሪያው ዓመት እማዬን ይህንን አልነገርናትም ነበር፤ «ቀን ነው የምትሠራው» ነበር የምንላት። ልጄ ጨለማ ውስጥ ገባች ብላ እንዳታዝን። እኔም በልቤ እንደዚያው ነበር የማስበው። እዚህ እኮ ፀሐይ ነበራት። ሥራም ነበራት፣ ደሞዙ ባይበቃም። ሰው እንዴት ፀሐይ ትቶ ወደ ጨለማ ይሄዳል?

ምናልባት ግንዱ ታይቷት ይሆናል። ለኔ ጨለማ የመሰለኝ፣ ለሷ ከሩቅ የሚስብ የወፈረ ግንድ ጥላ ይሆናል። መሬት ለመሬት መጎተቱ አራት ዓመት ቢፈጅም ደርሳ ትይዘዋለች፣ ከዚያ ወደ ላይ ነው። እንዲህ ሳስበው ደስ አለኝ። ከተነሳሁ ጀምሮ የተጫነኝ ነገር ቀለል አለ።

ወዲያው ደግሞ ዓይኔ ቁም ሳጥኑ ላይ አረፈ። እሱም ጨለማ አለው። እሱም ከሩቅ ሲያዩት ወፍራም ነው። ግን ቺፑድ ነው። አናቱ ላይ ሻንጣና የክረምት ብርድ ልብስ ነው ያለው። የኔው ሥር እዚያ ድረስ ተጎትቶ የያዘው የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ነው፤ ቀለሙ ራሱ ሲነኩት የሚረግፍ። ችግኝ ጥላውን ነው የሚያየው እንጂ፣ የዛፍ ይሁን የዕቃ በምን ያውቃል?

እኔስ? እኔ መስኮቱ አጠገብ ያለሁት ነኝ። ብርሃን አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ማስቀመጫ ውስጥ።

ሥሩን ምን ላድርገው? የታችኛዋ ጎረቤቴ ቁረጪው ትላለች። አትክልት ሻጩ ደግሞ ይዘሽ ወደ አፈሩ መልሺው፣ ወይም ወፈር ያለ እንጨት ትከዪለትና ይውጣበት አለኝ። ያን ያህል መንገድ ሄዶ የያዘውን ማላቀቅ ግን ከበደኝ። ቁም ሳጥኑን ላንቀሳቅስ አስቤ ገፋ ሳደርገው እግሩ ስንጥቅ አለ። ተውኩት።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች። ከሥራ እየወጣች ነው፤ ባስ እየጠበቀች፣ በኮፍያና በሻርፕ መሃል ዓይኗ ብቻ ይታያል። ከኋላዋ ገና ጨለማ ነው፤ የመንገድ መብራትና በረዶ። ልጠይቃት አስቤ ነበር። እንዴት ነው የሚጠየቀው ግን? «ሚጢዬ፣ ዛፉን አገኘሽው ወይ?» ልበላት? ፈረቃዋን ጨርሳ ባስ እየጠበቀች ያለች ልጅ!

«በላሽ?» አልኳት።

«በላሁ። አንቺስ? ተክሌስ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው። ሥር አውጥቷል።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ካሜራውን አዞርኩላት። ዝም አለች። ከዚያ ወደ ስልኳ ጠጋ ስትል ይታየኛል።

«እትዬ፣ ግማሹ ለምንድነው የጠቆረው?»

ዞር ብዬ አየሁት። አራት ቅጠል እንደ መስታወት ያበራል። አምስቱ ጥቀርሻ እንደለበሰ ነው። ጨርቁ ቁም ሳጥኑ ሥር፣ ጠዋት የጣልኩበት፣ ደርቆ ተኮማትሯል።

«ውሃ ጠምቶት እንዳይሆን» አለችኝ።

«አሁን አጠጣዋለሁ» አልኳትና ባሱ መጣ። ማጠጫውን አንስቼ፣ ለወጉ ያህል ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከተትኩ። ጭቃ ነው። ጠዋት ሲደብረኝ አጠጥቼው ኖሯል።