የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል በኦፕንፒጂፒ ሲመሰጠር፦ ቁልፉ ቀላል ነው፣ ጣጣው አካውንቱ ላይ ነው

የዩኒቨርሲቲ አካውንት ባለቤቱ ዩኒቨርሲቲው ነው። አስተዳዳሪው ሕግ በፈቀደለት መጠን ሊከፍተው፣ የመግቢያ መንገዱን ሊዘጋው፣ ስትመረቁ ሊያጠፋው ይችላል። ኢሜይል ዛሬ በአብዛኛው ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲጓዝ የተመሰጠረ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ካረፈ በኋላ ግን ሰርቨሩን የያዘው ሰው ማንበብ ይችላል። ከእናንተ ኮምፒውተር እስከ ተቀባዩ ኮምፒውተር ተቆልፎ እንዲሄድ ኤስማይም ወይም ኦፕንፒጂፒ ከሚባሉት የምስጠራ ዘዴዎች አንዱ ያስፈልጋል። ተቋሙ የኤስማይም ሰርተፍኬት (የባለቤቱን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፋይል) የሚያድል ከሆነና የምትጻጻፉት እዚያው ካሉ ባልደረቦች ጋር ብቻ ከሆነ እሱ ይቀላል። ለሌላው ሁሉ ኦፕንፒጂፒን በተንደርበርድ፣ ኮምፒውተር ላይ በሚጫን የኢሜይል ፕሮግራም፣ እመርጣለሁ። ኢኒግሜይል የሚባል ተጨማሪ ጫኑ የሚል መመሪያ ካጋጠማችሁ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ከስሪት 78 ጀምሮ ምስጠራው ተንደርበርድ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ አካውንቱን አገናኙ። ለገቢ መልእክት አይማፕ፣ ፖርት 993፤ ለወጪ ኤስኤምቲፒ፣ ፖርት 587 ከስታርትቲኤልኤስ (ግንኙነቱን ከሚመሰጥረው) ጋር፣ በአብዛኛው ይሠራል። ትክክለኛ የይለፍ ቃል አስገብታችሁ «ተሳስቷል» ከተባላችሁ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የማረጋገጫ ዘዴው ነው። ማይክሮሶፍት ለተቋማት በሚሰጠው ኢሜይል እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በይለፍ ቃል ብቻ መግባትን በአይማፕ ላይ ስለዘጋ፣ እዚያ ዘዴውን ወደ «ኦኦዝ 2» (OAuth2፣ በብሮውዘር ገጽ የሚገባበት) መቀየር ግድ ነው። ገቢውን ቀይሮ ወጪውን መርሳት የተለመደ ነው፤ ያኔ መልእክት ይገባል እንጂ አይወጣም። የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል ገጽ ከመጣ ደግሞ የአይቲ ክፍሉ ተንደርበርድን እንዲፈቅድ ከመጠየቅ ሌላ አቋራጭ የለም። አይማፕ ጭራሽ ከተዘጋ አንዱ አማራጭ በብሮውዘር ላይ የሚጫነውና ዌብሜይል ላይ የሚመሰጥረው ሜይልቬሎፕ ነው።

ቁልፉ ጥንድ ነው፤ ሰዎች ለእናንተ የሚመሰጥሩበት የአደባባይ ቁልፍና እናንተ ብቻ የምትከፍቱበት የምስጢር ቁልፍ። ከመፍጠራችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ ወደ ሌላ አድራሻችሁ ኢሜይል ልካችሁ የላኪው ቦታ ላይ ምን እንደሚታይ ተመልከቱ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ሰው ሁለት አድራሻ ይሰጣሉ፤ አንዱ በመታወቂያ ቁጥር፣ ሌላው በስም። ቁልፉ በአንዱ ተፈጥሮ ሰው በሌላው ሲጽፍላችሁ፣ የሱ ተንደርበርድ ቁልፉን ይዞም ለዚህ አድራሻ ቁልፍ የለም ይለዋል። ሁለቱም በሥራ ላይ ካሉ እንደ ክሊዮፓትራ ባለ ፕሮግራም ሁለተኛውን አድራሻ ቁልፉ ላይ መጨመር ይቻላል።

ከዚያ «አካውንት ሴቲንግስ»፣ «ኤንድ-ቱ-ኤንድ ኢንክሪፕሽን»፣ «አድ ኪ» ነው። የቁልፉን ዓይነትና መጠን እንዳለ ተዉት። የማብቂያ ጊዜው ሳትነኩት 3 ዓመት ነው፤ ከምትመረቁበት ቀን ባያልፍ ይሻላል። ቆይታችሁ ከተራዘመ ያንኑ ቁልፍ ማደስ ትችላላችሁ፣ የታደሰውን የአደባባይ ቁልፍ ግን መልሳችሁ ማሰራጨት አለባችሁ። ወዲያው የምስጢር ቁልፉን መጠባበቂያ ቅጂ በይለፍ ቃል ዘግታችሁ ፍላሽ ላይ አኑሩ። ቁልፉ ከጠፋ መልሶ የሚሰጥ አካል የለም፤ የተመሰጠሩት ደብዳቤዎችም አብረው ይሄዳሉ። በተንደርበርድ «ፕራይመሪ ፓስወርድ» ካላበጃችሁ ኮምፒውተሩን ያገኘ ሁሉ ቁልፉን መጠቀም እንደሚችልም አትርሱ።

የአደባባይ ቁልፋችሁን ከኢሜይል ጋር አያይዛችሁ ላኩ፣ ወይም keys.openpgp.org በሚባለው የቁልፍ ሰርቨር ላይ ጫኑት። ጣቢያው የሚልከውን ማረጋገጫ ካልተጫናችሁ ቁልፉ በኢሜይል አድራሻችሁ ሲፈለግ አይገኝም፤ ማረጋገጫው ደግሞ አንዳንዴ አይፈለጌ ማኅደር ውስጥ ይገባል። የሌላ ሰው ቁልፍ ስትቀበሉ አሻራውን (ቁልፉን ከሌላው የሚለየው ኮድ፣ አብዛኛውን ጊዜ 40 ፊደልና ቁጥር ነው) በስልክ ወይም ፊት ለፊት አመሳክሩ። በዚያው ኢሜይል ማመሳከር ዋጋ የለውም።

አሁን የሚበላሸው ነገር። አንዳንድ ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ሰርቨር የተመሰጠረ መልእክትን ውስጣዊ አወቃቀር ይለውጠዋል፤ ተቀባዩ ባዶ ደብዳቤና ሁለት እንግዳ አባሪ ያያል። ተንደርበርድ ጉዳቱን ካወቀ ልጠግነው ብሎ ይጠይቃል። ከወጪ ኢሜይል ሥር የሕግ ማሳሰቢያ የሚለጥፍ ሰርቨር ደግሞ የተፈረመ ግን ያልተመሰጠረ መልእክትን ፊርማ ያበላሻል። ያኔ ተቀባዩ የሚያየው «ፊርማው ልክ አይደለም» ሰው መልእክቱን ነካካው ማለት ላይሆን ይችላል። የቫይረስ መፈተሻውም የተመሰጠረውን ውስጥ ማየት ስለማይችል አንዳንዴ ያግደዋል።

ተንደርበርድ ርዕሱንም ይመሰጥራል፤ ይህን የማያውቅ ፕሮግራም ያለው ተቀባይ በርዕሱ ቦታ ሦስት ነጥብ ብቻ ያያል። ላኪ፣ ተቀባይ፣ ሰዓትና መጠን ግን ምንጊዜም ለሰርቨሩ ይታያሉ። ረቂቆችም በተመሰጠረ መልክ እንዲቀመጡ የሚያደርገው ምርጫ ምልክት የተደረገበት መሆኑን አረጋግጡ፤ አለዚያ ያልተቆለፈው ጽሑፍ ከመላኩ በፊት ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። እንደ ሜይልቬሎፕ ያለ ተጨማሪ ከሌለ በዌብሜይል ማንበብም ሆነ የደብዳቤውን ውስጥ መፈለግ አይቻልም። በአንድሮይድ ስልክ ኦፕንኪቼይን ከተንደርበርድ ጋር ሲጫን ይሠራል።

አካውንቱ ከመዘጋቱ በፊት ደብዳቤዎቹን ወደ «ሎካል ፎልደርስ» (ኮምፒውተራችሁ ላይ ወዳለው ማኅደር) ቅዱ። ሲቀዱም እንደተመሰጠሩ ስለሚቆዩ የምስጢር ቁልፉን አትሰርዙ፤ ጊዜው ያለፈበት ቁልፍ የድሮውን መክፈት አያቅተውም። በመጨረሻ ቁልፉን ሻሩትና የተሻረውን ቅጂ ወደ ቁልፍ ሰርቨሩ መልሳችሁ ጫኑ፣ ሰው በማይከፈት ሳጥን እንዳይጽፍላችሁ።