ፊቴን በባርኔጣ የሸፈነው ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ጫካ ውስጥ፣ ዝንጉርጉር የወታደር ልብስ ለብሼ፣ ጥቁር መሣሪያ አንግቼ። ከደሴ የአብሮ አደጎቼ መልእክት ወዲያው ጎረፈ። አንዱ «የእንግሊዝ ወታደር ሆንክ እንዴ? ስንት ይከፍላሉ?» አለኝ። ሌላው «እኛንም አስመዝግበን» አለ። የሰኞ ገበያው ጓደኛዬ ደግሞ ነገር መጠምዘዝ ልማዱ ነውና «ክላሽ ሸሽቶ ከአገር የወጣ ሰው እዚያ ደርሶ ክላሽ ተሸከመ» ብሎ ሳቀብኝ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልንገራችሁ። መሣሪያው መጫወቻ ነው። የሚከፈለኝም የለም፤ የከፈልኩት እኔ ነኝ። 40 ፓውንድ።

ጨዋታው ኤርሶፍት ይባላል። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተጀመረ ነው፤ እዚያ እውነተኛ መሣሪያ መያዝ እጅግ ከባድ ስለሆነ መሳዩን ሠርተው ተጫወቱበት። የሚተኮሰው 6 ሚሊ ሜትር የሆነች፣ ከሽምብራ የምታንስ ክብ ፕላስቲክ ናት። ክብደቷ ብዙ ጊዜ 0.2 ግራም ነው። ስትሰሙት ትስቃላችሁ፤ እኔም ስቄ ነበር። ግን ከአፈ ሙዙ ስትወጣ በሴኮንድ 100 ሜትር ገደማ ትበራለች። ቆዳ ላይ ካረፈች እንደ ንብ ነድፋ ቀይ ክብ ትታ ትሄዳለች። የፊት ጥርስ ትሰብራለች። ዓይን ካገኘች ደግሞ ያ ዓይን ሊያልቅለት ይችላል።

እኔ ሊድስ ውስጥ መጋዘን ነው የምሠራው፣ የሌሊት ፈረቃ። አለቃዬ «እሑድ ጫካ እንሄዳለን፣ ትመጣለህ?» ሲለኝ እሺ አልኩ። ወሎዬ ሲጋብዙት መች እምቢ ያውቃል? ሽርሽር መስሎኝ ነበር እንጂ። ምን እንደሆነ የገባኝ ቅዳሜ ማታ ቪዲዮ ሲልክልኝ ነው፤ ያን ጊዜ እምቢ ማለት አፈርኩ።

ከዚያ በፍርሃት የሆንኩትን ስሙ። ያለኝን ሹራብ ሁሉ ደራረብኩ። ሦስት ሹራብ፣ ከላይ ወፍራም ጃኬት። አንገቴንና አፌን ከባቲ ሰኞ ገበያ በተገዛው ሽርጤ ጠመጠምኩ። በመስታወት ራሴን ሳየው የአፋር በረሃ አቋራጭ እንጂ የሊድስ መጋዘን ሠራተኛ አልመስልም። መዘዙ የመጣውም ከዚህች ሽርጥ ነው።

ጠዋት ስንደርስ ዝናብ ነበር። እንግሊዝ ነውና ማንም ጉዳዬ አላለውም። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ሰው መሣሪያ በፍጥነት መለኪያ ላይ እያስተኮሱ ለኩ፤ ከተፈቀደው በላይ የሚገፋ ወደ ሜዳ አይገባም። ሕጉ ራሱ በተከታታይ ለሚተኩሰው የጉልበት ጣሪያ አስቀምጧል፤ 1.3 ጁል። ከዚያ ማርሻል የሚሏቸው ዳኞች ግማሽ ሰዓት ሰበኩን። ማረፊያው ውስጥ የፍሬ መያዣው ካርታ ከመሣሪያው ይወጣል። ካርታው ስለወጣ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ አንዲት ፍሬ ውስጥ ልትቀር ትችላለች፣ ስለዚህ ወደ መሬት ተኩሰህ ታረጋግጣለህ። ይህን ሲሉ የቦሩ ሜዳውን አጎቴን አስታወስኩ። ባዶም ቢሆን አፈ ሙዝ ወደ ሰው ያዞረ ልጅ ከእሱ ቤት ሳይገረፍ አይወጣም ነበር። ሌላው ዳኛ ደግሞ እንዲህ አለ፦ የዓይን መከላከያችሁን ሜዳ ውስጥ በምንም ምክንያት እንዳታወልቁ፣ ቤት እየተቃጠለ ቢሆንም። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። የተማረ ሰው ነኝ።

አንድ ያስገረመኝ ነገር ልንገራችሁ። የተመታ ሰው ራሱ እጁን አንስቶ «ተመታሁ!» ብሎ ይጮኻል፤ ከሳሽም ምስክርም እሱ ነው። እኛ ዘንድ የሚፎከረው ገዳይ ነኝ ተብሎ ነው፤ እዚህ ሙት ነኝ እያሉ ነው የሚፎክሩት። የመታህም ሰው «ይቅርታ ወዳጄ» ይልሃል! እኔ ግን በሦስት ሹራብ ውስጥ ሆኜ ምኑ ይሰማኝ? ሁለት ጊዜ ተመትቼ ሳላውቅ ስሮጥ አይተው «ይሄ ሰው አይሞትም» ብለው አጉረመረሙብኝ። አጭበርባሪ መባልን የመሰለ ውርደት የለም ብዬ ነበር። የባሰው ከኋላ እየመጣ ነበር።

ሦስተኛው ዙር ላይ በላብ ተዘፈቅኩ። አፌ በሽርጥ ስለታፈነ ትንፋሼ ሽቅብ ወደ መነጽሩ ገባና ብርጭቆው እንደ ጦሳ ተራራ ጉም ለበሰ። ምንም አይታየኝም። አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተለጥፌ፣ ማን ያየኛል ብዬ መነጽሩን ወደ ግንባሬ ገፋ አድርጌ በሽርጤ ጫፍ መጥረግ ጀመርኩ።

ፊሽካ ተነፋ። ወዲያው ከየት እንደመጣ ያላየሁት እጅ እርጥብ ባርኔጣ ፊቴ ላይ ልጥፍ አደረገብኝ። ላብና ጭቃ የሚሸት ጨርቅ። ጆሮዬ ሥር አንድ ድምፅ «ተኩስ አቁም!» እያለ ይጮኻል። ጫካው ጸጥ አለ። ስልሳ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል። እኛ አገር ፊት የሚሸፈነው ለሬሳ ነው። ባርኔጣው ሥር ሆኜ ልቤ ሲመታ ይሰማኛል፤ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ነው፤ 34 ዓመቴ ነው። መነጽሩን እዚያው በጨለማ ወደ ታች አስመልሶ አስጠበቀልኝና እንደ ዓይነ ስውር እጄን ይዞ ወደ ማረፊያው ነዳኝ። ባርኔጣውን ሲያነሳ ያየሁት ዳኛ ጺም እንኳ በቅጡ ያላበቀለ ልጅ ነው። ደሴ ቢሆን «ጋሼ» ይለኝ ነበር። ይሄ ግን «ዓይንህ ሁለት ነው፣ ሦስተኛ የለህም» ብሎ ተቆጣኝ፣ እስከ ምሳ ተቀመጥ አለኝ። አጠገቤ ከእናቱ ጋር የመጣ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። አዝኖልኝ ብስኩት ሰጠኝ። በላሁት።

ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ብስኩቱን እያላመጥኩ ግን አንድ የሰፈራችን ልጅ ትዝ አለኝ፤ በወንጭፍ ቀኝ ዓይኑን አጥቶ «አብሽር፣ አላህ ያመጣው ነው» ተብሎ የቀረው። የወረወረው እጅ የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የዚያን ዕለት ፊሽካ የነፋ ሰው አልነበረም።

ከምሳ በኋላ ሁለቱን ሹራብ አወለቅኩ፣ ሽርጡን አንገቴ ላይ ብቻ ተውኩት፣ አፌን ወንፊት በሚመስል የሽቦ ጭንብል ሸፈንኩ። አለቃዬ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብታ የመነጽሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ አሽቶ ወለወለልኝ፤ ጉሙ ጠፋ። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ደግሞ ግድ ነው፤ ሰው እዚያ የሚሰበረው በጥይት ሳይሆን በዛፍ ሥርና በጭቃ ነው። ሌላም አለ፣ እንደኔ ጦርነት ላያችሁ ብቻ። መሣሪያው ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው፣ አያስደነግጥም። የሚወረወር ፈንጂ መሳይ ነገር ግን አላቸው። የመጀመሪያው ሲጮህ እኔ ሊድስ አልነበርኩም፤ በ2014 ጥቅምት ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ በእግሬ እየወረድኩ ነበር። አስቀድማችሁ ጠይቁ።

«አስመዝግበን» ላላችሁት ደግሞ፣ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2014 ሚያዝያ አዲስ አበባ የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ስንቱ ወጣት ሊመዘገብ እንደተሰለፈ፣ ኤምባሲውም ወታደር አልመለምልም እስከማለት እንደደረሰ ታስታውሳላችሁ። ከሐርቡና ከባቲ ተነስቶ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲዋ የባሕር ዳርቻ ኦቦክ የሚያቋርጠውም ፎቶ አይቶ ነው። ስለዚህ ስለ ፎቶዬ እውነቱን ስሙ። ጥቁሩ መሣሪያ የአለቃዬ ነው፤ እኔ የተከራየሁት ግማሹ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነበር። ልብሱም ኪራይ ነው። ፎቶ የተነሳው ሰው ደግሞ ስድስት ሌሊት ካርቶን ሲያነሳ የከረመ ነው። እዚህ ያላችሁትም ብትሆኑ ገዝታችሁ በአውቶቡስ አንግታችሁ እንዳትሄዱ፤ መጫወቻም ቢሆን ያለ በቂ ምክንያት አደባባይ ይዞ መገኘት ወንጀል ነው። ፖሊስ ከሩቅ ፕላስቲኩን አይለይላችሁም። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ ከሆነ፣ እኔን ስሙኝ፣ ፎቶውም ይቅርባችሁ።

ማታ እናቴ ደወለች። እህቴ ፎቶውን አሳይታታለች።

«ማንን ልትወጋ ነው?»

ጨዋታ እንደሆነ፣ ፍሬዋ ፕላስቲክ እንደሆነች፣ ዳኛ እንዳለው ሁሉ አስረዳኋት። የባርኔጣውን ነገር ዘለልኩት። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«እና ከፍለህ ነው የሚተኮስብህ?»

«አዎ እማ።»

«ስንት?»

40 ፓውንድ በብር ስንት እንደሚሆን እሷ ከእኔ ቀድማ ታሰላለች። «አምስት» አልኳት።

«አምስትም ብዙ ነው» አለች። «እዚህ በነፃ ነበር።»