የአድሪያ ወለል፣ ዋርሶ

ከበርሊን እስከ ዋርሶ ያለውን መንገድ ባቡር ውስጥ ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ያነቃኝ ታክሲው ነው። ከጣቢያው ደጃፍ ለአጭር መንገድ 60 ዝሎቲ ተቀበለኝ። ስመለስ በእግሬ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሄድኩት ሞኒዩሽኮ ጎዳና፣ ቁጥር 10 ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ‹‹አድሪያ›› የተባለው የምሽት ክበብ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ተከፈተ። ስሙም የመጣው ከሕንፃው ባለቤት፣ ከጣሊያኑ ኢንሹራንስ ኩባንያ ሪዩኒዮኔ አድሪያቲካ ነው። ባር ነበረው፣ የክረምት የአትክልት ስፍራ ነበረው። እኔን የገረመኝ ግን የዳንሱ ወለል ነው። ራሱ ይሽከረከር ነበር! የፈረሰኛ ጦሩ ጄኔራል ቪዬኒያቫ ዱጎሾቭስኪ እዚህ አይጠፋም ነበር። አንድ ሌሊት ከፈረሱ ሳይወርድ ገባ እየተባለም ይወራል። እኛ አገር ቢሆን በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር።

ልግባ ብል የሚያስገባኝ አጣሁ። በር ላይ ቆሜ ቀና ብዬ ፎቆቹን ሳይ፣ ፌስታል ያንጠለጠሉ አንዲት አሮጊት ቆም አሉ። ትንሽ ጀርመንኛ ይችላሉ። ‹‹አድሪያ?›› አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ፌስታሉን መሬት አስቀምጠው ግራ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ በቀኝ ጣታቸው መሐሉ ላይ ቀስ እያሉ ክብ ሠሩ። ‹‹እናቴ እዚህ ጨፍራለች›› አሉኝ።

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው አንድ የድሮ ፎቶ አሳዩኝ። ሰዎች ሰው የሚያክል ጥይት ከበው ቆመዋል። ፖላንዳውያን በጀርመን ወራሪዎች ላይ በተነሱበት በ1944ቱ የዋርሶ አመፅ፣ ጀርመኖች ከተማዋን 60 ሳንቲ ሜትር አፈ ሙዝ ባለው ሞርታር ይደበድቡ ነበር። አንዱ ጥይት፣ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን፣ ጣሪያውንና ወለሎቹን በስቶ አድሪያ ውስጥ ወደቀ። አልፈነዳም። አመፀኞቹ ባሩዱን አውጥተው የእጅ ቦምብ ሠሩበት።

የዋርሶ መሐል በዚያ ጦርነት ፍርስራሽ ሆኗል። ይሄ ቤት ግን አለ። ፒያሳ ያደግኩባቸው ቤቶች ትዝ አሉኝና ሆዴ ባባ። እነሱን ለማፍረስ ጦርነት አላስፈለገም።

ሴትየዋ ፌስታላቸውን ሲያነሱ ልያዝልዎት ብል እምቢ አሉ። ግድግዳውን በእጄ ዳስሼ ወደ ጣቢያው አመራሁ።