የአናፑርና ዴቪ ሱርባሃር

ሰሞኑን ማታ ማታ የማዳምጠው አናፑርና ዴቪ ሱርባሃር በተባለው ባለ ክር መሣሪያ የተጫወቱትን ነው። እኚህ የሰሜን ሕንድ ክላሲካል ሙዚቃ ሊቅ በዘጠና አንድ ዓመት ዕድሜያቸው ውስጥ አንድም የብቻ አልበም ለገበያ ስላላወጡ፣ ዛሬ የምናገኘው ራሳቸው ለሕዝብ ይሁን ብለው ያላስቀረጹትን፣ ባፍቃሪዎች እጅ ሲዘዋወር የኖረውንና ድምፁ የሻከረውን ጥቂት ቅጂ ብቻ ነው። ከእነዚያ መካከል ማንጅ ካማጅ በተባለው ራጋ (ራጋ የዜማ ስልት ነው፤ እንደ እኛ ቅኝት ያለ) የተጫወቱትን እየደጋገምሁ ሰማሁት፤ ስለ ሕይወታቸው ያነበብሁትንና ያሰብሁትንም ሳይጠፋብኝ ልጽፈው ፈለግሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሱርባሃር በቅርጹ ሲታር የተባለውን አንገተ ረጅም የሕንድ ባለ ክር መሣሪያ ይመስላል፤ ነገር ግን አንገቱ ይረዝማል፣ ክሮቹ ይወፍራሉ፣ ድምፁም እጅግ ይወርዳል። ወፍራም ክር ለፈጣን ጨዋታ ስለማይመች፣ ዋና ቦታው አላፕ ነው፤ ማለትም ከበሮው ከመግባቱ በፊት ተጫዋቹ ብቻውን ሆኖ የራጋውን ድምፆች አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል የሚያስተዋውቅበት ረጅም መግቢያ ነው። በዚህ ክፍል ተጫዋቹ ክሩን አንድ ጊዜ ብቻ መትቶ በግራ እጁ ጣት ወደ ጎን ሲስበው፣ ከዚያችው አንዲት ምት ብዙ ድምፆች ሳይቆራረጡ ተያይዘው ይወጣሉ። የበገናን ድምፅ ለሚያውቅ ሰው ጆሮው ቶሎ ይለምደዋል፤ በበገና ብርኩማ ላይ በክሩ ሥር የሚገባው እንዝራ ድምፁን እንደሚያርገበግበው ሁሉ፣ የሱርባሃርም ክር በሰፊና ጠፍጣፋ ብርኩማ ላይ ስለሚያርፍ ያንኑ የመሰለ እርግብግቢት ይሰጣል።

አናፑርና ዴቪ በ1927 በመካከለኛው ሕንድ፣ ማይሃር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አላውዲን ካን የማይሃር ማሃራጃ (ንጉሥ) የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ነበሩ። ቤተሰቡ ሙስሊም ሲሆን የልጅቱ ስም ሮሻናራ ነበር፤ አናፑርና የሚለውን የሂንዱ አምላክ ስም ያወጡላቸው ማሃራጃው ብሪጅናት ሲንግ ናቸው። አላውዲን ካን ታላቂቱ ልጃቸው በሙዚቃዋ ምክንያት በትዳር ቤቷ መከራ ስለደረሰባት ታናሺቱን ላለማስተማር ወስነው ነበር ይባላል። ወንድማቸው አሊ አክባር ካን ሳሮድ የተባለውን ሌላ ባለ ክር መሣሪያ ሲለማመዱ ግን ታናሺቱ ዘወትር በአጠገባቸው ሆነው ይሰሙ ነበርና፣ አንድ ቀን አባት በሌሉበት ወንድማቸው ሲሳሳቱ «አባባ ያስተማሩህ እንዲህ አይደለም» ብለው በድምፃቸው እያዜሙ ሲያርሟቸው፣ አባት ከኋላ ደርሰው አዳመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሯቸው። ኋላም ሲታርን አስትተው ሱርባሃርን የሰጧቸው እርሳቸው ናቸው፤ ሲታርን ሁሉም ሰው እንደሚወድደው፣ ሱርባሃርን ግን ጥልቀትን የሚፈልግ አድማጭ ብቻ እንደሚቀበለው አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር። ልጅቱ ይህን ሰምተው ሱርባሃርን መረጡ። ከታሪካቸው ሁሉ በጣም የሚነካኝ ይህ ምርጫ ነው፤ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

በ1941 ከአባታቸው ተማሪ፣ ኋላ በዓለም ከታወቁት ሲታር ተጫዋች ከራቪ ሻንካር ጋር ተጋቡ። በ1950ዎቹ ባልና ሚስቱ በአንድ መድረክ ሲታርና ሱርባሃር ይዘው ይቀርቡ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አናፑርና ዴቪ በሕዝብ ፊት መጫወት አቆሙ። እርሳቸው በስተርጅና እንደተናገሩት፣ የበለጠ ጭብጨባ ለእርሳቸው መሆኑ ባላቸውን ስላላስደሰተ ትዳሩን ለማዳን ተዉት፤ ራቪ ሻንካር በበኩላቸው ባለቤታቸው ራሳቸው መድረክ እንደማይፈልጉ ተናግረዋል። ትዳሩም አልዳነም፤ በ1982 ፍቺው ተፈጸመ። ስለ እርሳቸው የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በዚህች አንቀጽ ላይ ይቆማል፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የኖሩት ረጅም ዘመን ባዶ አልነበረምና። በሙምባይ በሚገኘው መኖሪያቸው በራቸውን ለእንግዳ ዘግተው፣ ለተማሪ ግን ከፍተው አስተማሩ። ትምህርቱ በቃል ነው፤ መምህሯ ሐረጉን ያዜማሉ፣ ተማሪው ተቀብሎ በራሱ መሣሪያ ላይ ይፈልገዋል። የሱርባሃር ተጫዋች ሲታርንም፣ ሳሮድንም፣ የቀርከሃ ዋሽንትንም ሊያስተምሩ የቻሉት በዚህ መንገድ ነው። ሲታር ተጫዋቹ ኒኪል ባነርጂ በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ ማይሃር ሄደው ከአላውዲን ካን ከተማሩ በኋላ፣ ከልጃቸው ከአናፑርና ዴቪም ዘንድ ተምረዋል። እኚህ ሰው በ1986 በሃምሳ አራት ዓመታቸው ቢያርፉም፣ በቀረጿቸው አላፖች ውስጥ ያለው ትዕግሥት ለእኔ የሱርባሃር ትዕግሥት ነው።

የሃሪፕራሳድ ቻውራሲያ ታሪክ ደግሞ የመምህሯን ጥብቅነት ያሳያል። ዋሽንት ተጫዋቹ ቻውራሲያ የአላሃባድ ከተማ የትግል ስፖርተኛ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ልጃቸው የትግል ስፖርተኛ እንዲሆን ሲፈልጉ በስውር ሙዚቃ ተማሩ። ወደ አናፑርና ዴቪ የመጡት በሬዲዮም በፊልም ሙዚቃም ታውቀው እንጀራቸውን በዋሽንት ከጀመሩ በኋላ ነበር። መምህሯ ለረጅም ጊዜ እምቢ አሏቸው፤ የተማሩትን ረስተው ከመጀመሪያው ካልጀመሩ በቀር እንደማይቀበሏቸውም ነገሯቸው። ቻውራሲያ የቆረጡ መሆናቸውን ለማሳየት ዋሽንቱን ከቀኝ ወደ ግራ አዙረው መያዝ ጀመሩ። ዋሽንት የነካ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል፤ ጣቶች ለዓመታት የለመዱት ሁሉ ይጠፋል፣ እንደ ጀማሪ መንተባተብ ይመጣል። ዛሬም ድረስ ዋሽንታቸውን በግራ ይዘው ነው የሚጫወቱት። የትኛውም ሽልማት የአንድን መምህር ክብደት ከዚህ ይልቅ ይመሰክራል ብዬ አላስብም፤ ምንም እንኳ የሕንድ መንግሥት በ1977 ለአናፑርና ዴቪ ፓድማ ቡሻን የተባለውን የክብር ማዕረግ ቢሰጣቸውም።

ስለዚህ «መድረኩን ተዉ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለሙያቸው መደምደሚያ አድርጎ የሚጽፈውን አልቀበልም። መድረክ ላይ የሚቆም ሰው ሥራው በአዳራሹ ውስጥ ይታያል፤ የእርሳቸው ሥራ ግን በሌሎች ጣትና ትንፋሽ አልፎ በብዙ አገሮች አዳራሾች ተሰምቷል። በጥቅምት 2018 ባረፉ ጊዜ ካነበብኋቸው ዜናዎች በርካታዎቹ የራቪ ሻንካር የቀድሞ ባለቤት ብለው ሲጀምሩ፣ ኒኪል ባነርጂንና ቻውራሲያን ያስተማሩ ብለው ቢጀምሩ ኖሮ ምንኛ በተገባ ነበር።

ይህን ሁሉ አምኜም ቢሆን፣ ማንጅ ካማጁ አላፑን ጨርሶ ምቱ ወደሚሰማበት ወደ ጆር ሲሻገር ቁጭት ይይዘኛል። ከታወቁት ተማሪዎቻቸው አብዛኞቹ በሲታር፣ በሳሮድና በዋሽንት የተጠሩ ናቸውና ትምህርታቸው በእነዚህ ሁሉ ሲቀጥል፣ አባታቸው የሰጧቸው መሣሪያ ግን እርሳቸው በሚያውቁበት አኳኋን ሲነገር የሚሰማባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ይህ ኪሳራ የእኛ የአድማጮች ነው፤ እርሳቸውን ግን በዚህ ልወቅሳቸው መብት ያለኝ አይመስለኝም።