ከሞራና ከኑግ ዘይት ሳሙና መሥራት፦ ከደብረ ማርቆስ የልምድ ማካፈያ

ደብረ ማርቆስ ሆኜ በቤቴ ሳሙና መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ልመልሰው የፈለግሁት ጥያቄ፣ ጎጃም ውስጥ በቅርብ በሚገኙ ቅባቶች ጠንካራ፣ አረፋው የሚያረካና ቆዳ የማያደርቅ ሳሙና ማውጣት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። እስካሁን የደረስኩበት መልስ ይቻላል የሚል ሲሆን፣ ዋናው ነገር ሽቶውና ቅጠላ ቅጠሉ ሳይሆን የቅባቱ ምርጫና የሚዛኑ ልክ መሆኑን ተረድቻለሁ።

መነሻዬ የኑግ ዘይት ነበር። በአካባቢያችን ኑግ በብዛት ስለሚዘራ ዘይቱን ከመጭመቂያ ቤት ትኩሱን መግዛት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከኑግ ብቻ የሚሠራ ሳሙና ለስላሳ ይሆናል፤ ውሃ ሲነካውም ቶሎ ይሟሟል። ዘይቱ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው የቅባት አሲድ ሲሆን፣ ይህ አሲድ ከአየር ጋር ቶሎ ስለሚዋሐድ ሳሙናው ሲቆይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ሽታውም ይለወጣል። በዚህ ምክንያት የኑጉን ድርሻ ከጠቅላላው ቅባት ከሩብ አላሳልፈውም።

ጥንካሬውን የሚሰጠው የከብት ሞራ ነው። ሥጋ ቤቶች በዓል ሲሆን ሞራ ስለሚተርፋቸው በርካሽ ይሰጣሉ፤ 55 ቀን በሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ግን ስለሚዘጉ፣ ከዚያ በፊት አንጥሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሞራውን በደቃቁ ከትፌ ውሃና አንድ እፍኝ ጨው ጨምሬበት በዝግታ አቀልጠዋለሁ፤ ከዚያም በነጠላ ቁራጭ አጥልዬ አሳድረዋለሁ። የደብረ ማርቆስ ብርድ ሌሊቱን ያረጋዋል። ጠዋት ከውሃው ላይ የሚነሳው ነጭ ክብ ከሥሩ ቡናማ ዝቃጭ ይዞ ስለሚወጣ፣ ያን በቢላዋ ፍቄ በአዲስ ውሃ ደግሜ አቀልጠዋለሁ። ሽታው የሚጠፋው በዚህ መደጋገም ነው፤ በሽቶ ለመሸፈን መሞከር አያዋጣም።

አሁን የምሠራበት ልክ ለ1,000 ግራም ቅባት 600 ግራም ሞራ፣ 250 ግራም የኑግ ዘይትና 150 ግራም የኮኮናት ዘይት ነው። የኮኮናቱ ዘይት ከሩቅ የሚመጣና ውድ ቢሆንም ለአረፋው ሲባል ይገባል። ቅባቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠው ኮስቲክ ሶዳ የተባለው ኬሚካል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቅባት የሚፈልገው መጠን የተለያየ ነው፤ ለ1 ግራም ሞራ 0.140 ግራም፣ ለኑግ 0.135 ግራም፣ ለኮኮናት 0.183 ግራም ግድም ይያዛል። ድምሩ 145 ግራም ይመጣል፤ ከዚህ ላይ 5 በመቶ ቀንሼ 138 ግራም እጠቀማለሁ፤ ይኸውም ጥቂት ቅባት ሳይለወጥ ቀርቶ ቆዳን እንዲያለሰልስ ነው። ውሃው የሶዳው እጥፍ፣ ማለትም 276 ግራም ነው። ይህ ሁሉ በስኒና በማንኪያ አይለካም፤ ግራም የሚያነብ ሚዛን የግድ ነው። በሶዳው ፈንታ የአመድ ውሃን ያልተጠቀምኩትም ስለዚሁ ነው፦ ብርታቱ ከእንጨት እንጨት ይለያያል፣ የሚሰጠውም በፖታሲየም የተሠራ ለስላሳ ሳሙና ነው።

ስለ ኮስቲክ ሶዳ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ በሶዳው ላይ አይፈስም፤ ከፍተኛ ሙቀት ፈጥሮ ሊፈነጥቅ ይችላልና። በየቤታችን የሚገኘው የአልሙኒየም ድስት ፈጽሞ አይሆንም፤ ሶዳው አልሙኒየምን እየበላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። የማይዝግ ብረት ወይም ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ይበቃል። ጓንትና መነጽር አድርጎ፣ ሕፃናትን አርቆ፣ በረንዳ ላይ መሥራት ይገባል፤ ቆዳ ላይ ከነካም ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ ማጠብ ነው።

የሶዳው ውሃና የቀለጠው ቅባት ሁለቱም ወደ 45 ዲግሪ ሲወርዱ አዋሕጄ፣ ማንኪያ ሲነሳ የሚንጠባጠበው ላዩ ላይ ዱካ ጥሎ እስኪቆይ ድረስ አማስለዋለሁ፤ ከዚያም ወረቀት በለበሰ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ገልብጬ በማግስቱ እቆርጠዋለሁ።

ጤና አዳም ይጨመርበት የሚሉ ወዳጆች አሉ። እኔ አልመክርም፤ ቅጠሉ በቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለው። እንዶድም በሳሙና ውስጥ መግባት አይኖርበትም። በራሱ አረፋ የሚያወጣ፣ ጋቢና ነጠላ የሚያነጣ ድንቅ ተክል ነው፤ ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ለምርምር የተነሡት በዚሁ የመግደል ኃይሉ ምክንያት ነው። ዓይንና አፍንጫንም ይቆጠቁጣል። ለልብስ ይሁን፣ ለፊት አይሁን።

የክረምቱ ነገር ለእኛ ለጎጃሞች ልዩ ትኩረት ይሻል። በበጋ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ደርቆ ለአገልግሎት የሚደርሰው ሳሙና በሐምሌና በነሐሴ ገና ለስላሳ ሆኖ ይገኛል፤ በውስጡ የሚቀረው ግሊሰሪን ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ላዩ ላይ ጠል ያወጣል። ስለዚህ የቀናት ቆጠራ ትቼ፣ ከእያንዳንዱ ዙር አንዱን ሳሙና በየሳምንቱ እመዝነዋለሁ፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ለአገልግሎት ደርሷል ማለት ነው። ሳሙናዎቹ ሳይነካኩ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፣ በየጊዜውም ይገለበጣሉ።

ቀጣዩ ሥራዬ ከሞራው ላይ 20 ግራም ቀንሶ በምትኩ የማር ሰም መሞከር ነው። ሰም የሚቀልጠው ከ62 ዲግሪ በላይ በመሆኑ ቅባቱ በ45 ዲግሪ ሊዋሐድ አይችልም፤ በዚያ ሙቀት ሲዋሐድ ደግሞ ድብልቁ ቶሎ ስለሚጠነክር ሳጥኑ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መጠበቅ ይኖርበታል። የሶዳው ልክም እንደገና ይሰላል፤ ሰም ለ1 ግራም የሚፈልገው 0.069 ግራም ግድም ብቻ ነውና።