በልኬ የተሠራው ጠብመንጃ

ጠብመንጃ በልኩ ለማሠራት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያልመው ስለ ቅርጻ ቅርጹ ነው። እኔም የአደን ጠብመንጃ ለማሠራት ፈቃዴን ጨርሼ ወደ ሠሪው የሄድኩት ብረቱ ላይ የሚቀረጸውን ንድፍ ይዤ ነበር። እርሱ ግን ንድፉን ወደ ጎን አስቀምጦ ባዶ የመለኪያ ጠብመንጃ አስያዘኝና «ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩ፤ ስገልጥ የፊተኛውና የኋለኛው ማነጣጠሪያ አልገጠሙልኝም። እንዲገጥሙ አንገቴን ማጠፍና ጉንጬን እንጨቱ ላይ መጫን ነበረብኝ። ለዓመታት የተኮስኩት ሰውነቴን ለመሣሪያው እያጎበጥኩ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ለማሠራት የሚያስብ ሁሉ ገንዘቡን ከጌጡ በፊት ለልኩ እንዲያውለው አጥብቄ እመክራለሁ።

ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርዝመት በፋብሪካ ጠብመንጃ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ34 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ክንዴ ረጅም በመሆኑ የእኔ 36 ሆነ። ልኩ ሲወሰድ ለአደን የምለብሰውን ወፍራም ልብስ መልበስ ነበረብኝ፤ በስስ ሸሚዝ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ሰደፉ ብብቴ ሥር ይሰነቀር ነበር። ጉንጭ የሚያርፍበት ከፍታም ማነጣጠሪያው ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይቆረጥ ሊወሰን አይችልም፤ የማጉያ መነጽር ከአፈሙዙ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ለተራ ማነጣጠሪያ የተሠራ ዝቅ ያለ ሰደፍ ጉንጭን አየር ላይ ያስቀራል።

እንጨቱን ስንመርጥ ተከራከርን። እኔ የወደድኩት ከዳር እስከ ዳር ዥጉርጉር የሆነውን የዋልነት ሳንቃ ነበር። ሠሪው በጣቱ የእንጨቱን ቃጫ ተከትሎ፣ እጅ በሚጨብጠው ቀጭን አንገት ላይ ቃጫው ወደ ጎን እንደሚያቋርጥ አሳየኝ። ጠብመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል በዚያ አንገት በኩል ስለሚያልፍ፣ ቃጫው በርዝመቱ ካልሄደ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ከዚህ በፊት የነበረኝ ጠብመንጃ የተሰነጠቀው በትክክል እዚያው ቦታ ላይ ስለነበር አልተሟገትኩም፤ አንገቱ ላይ ቀጥ ያለ፣ ጌጡ ወደ ሰደፉ የሚያዘነብል ሌላ ሳንቃ ተቀበልኩ።

ጥይቱን የሚያጎርሰውና የሚቆልፈው ብረት ሞዘር 98 የተባለው የጀርመን ጠብመንጃ ዓይነት ነው፤ ቀለሁን ገና ከጥይት ማስቀመጫው ሲወጣ ነክሶ የሚይዘውን ትልቅ መንጠቆ ስለማምነው ሌላ አላማረኝም። ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ሲገጠም ያየሁትን ግን አልረሳውም። ሠሪው የብረቱን ሆድ በኩራዝ ጥላሸት ይቀባና ወደ ተፈለፈለው ቦታ ያወርደዋል፤ ሲያነሣው ጥቁር ነጥብ ያረፈበትን ብቻ በመሮ ልጦ፣ እንደገና ቀብቶ እንደገና ያወርዳል። ጥላሸቱ በወለሉ ሁሉ እኩል እስኪታተም ድረስ ሥራው ቀናት ፈጀ። አፈሙዙ ግን እንጨቱን እንዳይነካ ሆኖ ተለቀቀ፤ በመካከላቸው አንድ ወረቀት ያለ መሰናክል ሊንሸራተት ይገባዋል፤ አፈሙዙ ሲሞቅ ወይም እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ ጥይቱ ከመስመሩ የሚወጣው ይህ ክፍተት ሲጠፋ ነውና።

ጥንካሬው መፈተኑንም አትለፉት። እ.ኤ.አ. በ1914 የተመሠረተውና ሲ.አይ.ፒ. በሚል ምሕፃር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የጠብመንጃ ፍተሻ ኮሚሽን አባል በሆኑ አገሮች፣ ጠብመንጃ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት ከተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 25 በመቶ በሚበልጥ ጥይት ተሞክሮ ማኅተም ይመታበታል። የእኔም ማኅተሙን ይዞ ነው የመጣው።

እንጨቱ በእጅ የተወለወለው በተልባ ዘይት ነው፤ አንዱ ሽፋን ሳይደርቅ ሌላው አይደገምም። (ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተተወ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ቤቱ የሚወለውል ሰው ጨርቁን ዘርግቶ ያድርቀው።)

በተረከብኩ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ አነሣሁት፤ ስገልጥ የመነጽሩ መስቀል መካከሉ ላይ ነበር። ከመጀመሪያው የዝናብ ወራት በኋላ ግን ወረቀቱ በግራ በኩል ተያዘብኝና መልሼ ወሰድኩት፤ ሠሪው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ልጦ፣ የተላጠውንም ቦታ ዘይት አጠጥቶ በማግሥቱ መለሰልኝ። ያ የቅርጽ ንድፍ አሁንም ከእርሱ ዘንድ ነው፤ ብረቱም ያለ ጌጥ እንደተለሰለሰ ይገኛል።